ዳኛው ገመዱን ይመለከታል፤ ስለ ጀማሪ ውሾች መግራትና ፈተና

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፥ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል ወደ አምቦ የሚሄድ መንገደኛ፥ በየከተማው አስቀድሞ የሚቀበለው ብዙ ጊዜ ሰው ሳይሆን ውሻ ነው። አንዱ ከግቢው በር ሥር አፍንጫውን አውጥቶ ይጮኻል፤ ሁለተኛው በሥጋ ቤት ደጅ ተጋድሞ አጥንት ይጠብቃል፤ ሦስተኛው ከእረኛው ልጅ ኋላ ጅራቱን አቁሞ ይከተላል። ሁሉም ውሻ ይባላል እንጂ ኑሯቸው አንድ አይደለም። ሌሊት ጅብ ወደ በረቱ ሲቀርብ ባለቤቱን የሚቀሰቅሰው ውሻ ነው፤ ሲነጋ ደግሞ ልጆች ድንጋይ የሚወረውሩበት ያው ውሻ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እያልን ታማኝነቱን ስንመሰክርለት ኖረናል፤ ከመጮኽ በቀር ሌላ ትምህርት ሊቀበል ይችላል ብለን ግን እምብዛም አላሰብንም።

በዚህ በቤተሰብ ገጻችን ዛሬ ልንናገርለት የፈለግነው ነገር፥ በሌላው ዓለም ለጀማሪ ውሾች ስለሚደረገው የታዛዥነት ውድድርና ዳኞቹ በውድድሩ ስለሚመለከቱት ነገር ነው። ይህ ለአምቦና ለጉደር ሰው ምን ይረባዋል የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። እንዲህ ያለው ውድድር በምዕራብ ሸዋ ከተሞች የተለመደ አይደለም፤ እኛም ይለመድ ብለን ለመከራከር አልተነሣንም። ነገር ግን ዳኞቹ የሚመረምሩትን አንድ በአንድ ብናስተውለው፥ ጕዳዩ የፈረንጅ ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ የግቢያችንን በር፥ ይልቁንም የልጆቻችንን ሕይወት የሚነካ ሆኖ አገኘነው።

የውድድሩ አጀማመር እንዲህ ነው። ሄለን ኋይትሀውስ ዎከር የተባሉ አንዲት አሜሪካዊት እመቤት ፑድል የሚባሉትን ጠጕራቸው የተጠቀለለ ውሾች ያረቡ ነበር። ሰዎች ይህን ዓይነት ውሻ ለጌጥ እንጂ ለቁም ነገር አይሆንም እያሉ ቢያፌዙባቸው፥ ውሾቹ አስተዋዮች መሆናቸውን ለማስመስከር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1933 በኒው ዮርክ ግዛት፥ ማውንት ኪስኮ በተባለ ስፍራ የታዛዥነት ፈተና አዘጋጁ። በ1936 የአሜሪካ ኬኔል ክለብ የፈተናውን ደንብ ተቀበለው። በ1937ም እመቤቲቱ ብላንች ሳውንደርስ ከተባሉ ባልንጀራቸው ጋራ ውሾቻቸውን በተጐታች ቤት ጭነው፥ ሕዝቡን ለማስተማር አሜሪካን ዞሩ። በፌዝ የተጀመረ ነገር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሕግና ዳኛ ያለው ሥራ ሆነ።

በዚሁ ማኅበር ደንብ ለጀማሪዎች የተመደበው ፈተና አምስት ክፍል አለው። እያንዳንዱ ክፍል 40 ነጥብ ይይዛል፤ ድምሩ 200 ነው። ለማለፍ 170 ነጥብ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ከዚህም ጋራ በእያንዳንዱ ክፍል ከነጥቡ እኩሌታ በላይ መገኘት አለበት። ስለዚህ በአንዱ የተደነቀ ውሻ በሌላው ፈጽሞ ቢወድቅ አያልፍም። ስለ ዘር የሚቀርብ ጥያቄ የለም፤ ዘሩ የተደባለቀ ውሻም እንዲወዳደር ይፈቀድለታል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሽ ውሻ ሉሉ በዘመኑ ስሙ የገነነ ነበር፤ ሆኖም ከአምቦ ግቢ ጠባቂ ውሻ ጋራ በዚህ ሜዳ ቢቀርቡ ኖሮ ሁለቱም የሚጠየቁት እኩል በሆነ ነበር።

የመጀመሪያው ክፍል ከባለቤቱ ጐን ተጠግቶ መሄድ ነው። ውሻው በግራ ጐን ሆኖ፥ ባለቤቱ ወደ ፊት ሲራመድ ይራመዳል፤ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ሲዞር ይዞራል፤ ሲፈጥን ይፈጥናል፤ ዝግ ሲል ዝግ ይላል፤ ሲቆም ደግሞ ትእዛዝ ሳይጠብቅ ቁጭ ይላል። ተመልካቹ በዚህ ጊዜ የሚያየው ውሻውን ነው። ዳኛው ግን ገመዱን ይመለከታል። ገመዱ ከውሻው አንገት እስከ ባለቤቱ እጅ ድረስ ላላ ብሎ እንደ ጨረቃ ጐብጦ ከተንጠለጠለ፥ ውሻው የሚሄደው ወድዶና ዐውቆ ነው። ገመዱ ከተወጠረ ግን ከሁለቱ አንዱ ሌላውን እየጐተተ ነው፤ የሚጐትተው ባለቤቱም ይሁን ውሻው ነጥብ ይቀነሳል። ውሻው ወደ ኋላ ቢቀር፥ ወደ ፊት ቢቀድም፥ ወይም ባለቤቱን እየገፋ እግር ለእግር ቢጠላለፍ፥ ይህም ይቈጠራል። ቅናሹ ከግማሽ ነጥብ ይጀምራል፤ ትንሹ ጥፋት በግማሽ ነጥብ ይታለፋል፥ የከበደው እንደ ክብደቱ ይቀነሳል።

በምዕራብ ሸዋ በገበሬ ቤት ያደገ ሰው ይህን ምስጢር ከውሻ ሳይሆን ከበሬ ተምሮታል። ወይፈን ሲገራ ከለመደ በሬ ጋራ ይጠመዳል። ገበሬው በስሙ ይጠራዋል፤ በድምፁ ያዝዘዋል፤ ጅራፉንም ብዙ ጊዜ የሚያጮኸው በአየር ላይ ነው። ወይፈኑ በመጀመሪያው ቀን ትልሙን ቢያጣምም ገበሬው አይገረምም፤ ነገ ደግሞ ያጠምደዋል። ፈረሰኛም እንዲሁ ነው፤ ልጓሙን ያለ ዕረፍት የሚጐትት ሰው የፈረሱን አፍ ያደነድነዋል እንጂ ፈረሱን አይገራውም። እንግዲህ ይህን ሁሉ ጥበብ በበሬና በፈረስ ላይ የሚያውቅ ሕዝብ፥ ወደ ውሻው ሲመለስ ዱላና ሰንሰለት ብቻ የሚያስታውሰው ስለ ምን ይሆን? እኛ ስናስበው፥ በሬውን ያለ ትምህርት ልንጠቀምበት ስለማንችል እናስተምረዋለን፤ ውሻው ግን ሳይማርም ስለሚጮኽልን በዚያው ረክተን እንተወዋለን። ጥሩ ወይፈን ገሪ የሆነ ሽማግሌ በውሻ ውድድር ዳኛ ሆኖ ቢቀመጥ፥ ደንቡን ለመማር ብዙ ቀን አይፈጅበትም ብለን እናምናለን።

ሁለተኛው ክፍል ሥራው ቀላል ይመስላል። ባለቤቱና ውሻው በሁለት ምልክቶች መካከል እየዞሩ በእግራቸው የ8 ቍጥርን ቅርጽ ይጽፋሉ። ውሻው ሁልጊዜ በግራ በኩል ስለሆነ፥ ወደ ግራ ሲዞሩ ውስጠኛው እርሱ ይሆናልና ርምጃውን ማሳጠር አለበት፤ ወደ ቀኝ ሲዞሩ ደግሞ ውጪኛው ስለሚሆን መፍጠን አለበት። ባለቤቱ ግን ርምጃውን ሳይለውጥ መሄድ ይገባዋል። ብዙ ጀማሪዎች እዚህ ላይ ውሻቸውን ለመርዳት ሲሉ ዝግ ይላሉ ወይም ይፈጥናሉ፤ ዳኛውም ይህን አይቶ ይቀንሳል፤ ተማሪው መምህሩን መከተል ሲገባው መምህሩ ተማሪውን ተከትሏልና። ቅዳሜ በአምቦ ገበያ በሰውና በአህያ መካከል ውሻ አስከትሎ ለማለፍ የሞከረ ሰው፥ ይህ ፈተና ለጨዋታ ብቻ እንዳልወጣ ይረዳዋል።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ልንዘገይበት ወደምንፈልገው ወደ ሦስተኛው ክፍል ደረስን። በዚህ ክፍል ውሻው ቁጭ ይላል፤ ባለቤቱ ገመዱን እንደ ያዘ፥ የገመዱን ርዝመት ያህል ማለት ሁለት ሜትር የማይሞላ ርቀት ፈቀቅ ብሎ ፊቱን ወደ ውሻው መልሶ ይቆማል። ዳኛው ቀርቦ የውሻውን ራስ በእጁ ይነካና ይመለሳል። ነገሩ ይኸው ብቻ ነው። ውሻው እንዲያደርግ የሚጠየቀው ምንም የለም፤ የማያውቀው ሰው እጅ ሲዘረጋበት እንዲታገሥ ብቻ ነው የሚጠየቀው። ቢነሣ፥ ወደ ኋላ ቢሸሽ፥ በፍርሀት ቢንቀጠቀጥ ዳኛው ይመዝነዋል። በሰው ላይ ቢነሣ ግን ነገሩ የነጥብ ጕዳይ መሆኑ ቀርቶ ከሜዳው ይባረራል።

በሀገራችን ከተሞች ያሉ ስንት ውሾች ይህን ፈተና ያልፋሉ? አብዛኛው የግቢ ውሻ ቀን በሰንሰለት ታስሮ ይውላል፤ ማታ ይፈታል። እንግዳ ሰው ካላየ ይከፋል፥ ከከፋም ሌባ ይፈራዋል የሚል አሳብ በብዙ ቤት አለ። እንዲህ ያደገ ውሻ በርግጥ ይከፋል። ነገር ግን የሚከፋው ሌባን ከእንግዳ ለይቶ አይደለም፤ ውኃ የሚያመጣውን ልጅ፥ ሊጠይቅ የመጣውን ዘመድ፥ ኳሱ ወደ ግቢ የገባበትን የጎረቤት ሕፃን ሁሉ በአንድ ዐይን ያያል። ከዚህም የሚከፋ ነገር አለ። የሰውን እጅ ያልለመደ ውሻ ሊከተብ አይችልም። ክትባት የሚሰጠው ባለሙያ በመጣ ቀን አንዱ ባለቤት ጆንያ ይዞ ይሯሯጣል፤ ሌላው ሁለት ጎረምሶች ጠርቶ ውሻውን ከአጥር ጋራ ያጣብቃል፤ ሦስተኛው «የእኔስ አይያዝም» ብሎ በሩን ይዘጋል። ያልተከተበው ውሻም ማታ እንደ ልማዱ ይፈታል።

የእብድ ውሻ በሽታ ምን እንደሆነ ለአንባቢዎቻችን መንገር አያስፈልግም ይሆናል፤ ቍጥሩን ግን ሁሉም አያውቀው ይሆናል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፥ በዓለም ላይ በዚህ በሽታ በየዓመቱ የሚሞተው ሰው 59,000 ያህል እንደሆነ ይገመታል፤ በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው አጋጣሚዎች እስከ 99 በመቶ የሚሆነው በውሻ ነው፤ ከተጠቂዎቹም ከአሥር አራት ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጆች ናቸው። ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ በሽታው ገዳይ ነው ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ከተነከሰ በኋላ በቶሎ የተከተበ ሰው ይድናል። ሉዊ ፓስተር በፈረንጆች 1885 ጆሴፍ ማይስተር የተባለውን የ9 ዓመት ልጅ ከተባቸው፥ ልጁም ዳነ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ እጅግ ተሻሽሏል። ስለዚህ ውሻ የነከሰው ወይም የቧጨረው ሰው ቍስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፥ ውሎ ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት። ቅጠል መለጠፍ ወይም «እስቲ እንየው» ብሎ መቆየት የሰውን ሕይወት ያስጠፋል።

በሽታውን ከምንጩ ለማድረቅ ግን በአንድ ስፍራ ካሉት ውሾች ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑት መከተብ እንዳለባቸው ዐዋቂዎች ይናገራሉ። በአምቦ አካባቢ ይህን ለማድረግ የዕውቀት እጥረት የለም፤ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት የሚሰጠው በአቅራቢያው በጉደር በሚገኘው በማሞ መዘምር ግቢ ነው። የሚጐድለው፥ ባለሙያው መርፌውን ይዞ ሲመጣ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ውሻ ነው። በማውንት ኪስኮ ስፖርት ሆኖ የተጀመረው ነገር በእኛ ዘንድ የጤና ሥራ የሚሆነው በዚህ ነው።

የቀሩትን ሁለቱን ባጭሩ እንለፋቸው። በአራተኛው ክፍል ውሻው ቁጭ እንዳለ ይቆያል፤ ባለቤቱ የመወዳደሪያውን ሜዳ ዳር ዳሩን ዞሮ ይመለሳል። ዳኛው የሚጠብቀው ውሻው ካለበት ሳይነሣ መቆየቱን ነው። በአምስተኛው ክፍል ባለቤቱ ውሻውን ትቶ ስምንት ሜትር ያህል ይርቅና ይጠራዋል፤ ውሻው በአንድ ጥሪ፥ በቀጥታና በፍጥነት መጥቶ፥ ባለቤቱ ጐንበስ ሳይል ሊነካው በሚችልበት ርቀት ከፊቱ ቁጭ ይላል። ሁለት ጊዜ የጠራ ሰው ይቀነስበታል። ብዙ ጊዜ ውሻ ሲጠሩት የማይመጣው፥ ከመጣ በኋላ ስለሚመታ ነው፤ ዶሮ አባርሮ ሲመለስ በዱላ የተቀበሉት ውሻ የተማረው ዶሮ ማባረር ክፉ መሆኑን ሳይሆን መመለስ ክፉ መሆኑን ነው።

ዳኛው ከውሻው ይልቅ ባለቤቱን የሚመዝንበት ጊዜ ብዙ ነው። ደንቡ ውሻው በፈቃደኝነትና በደስታ እንዲሠራ ይጠይቃል፤ እንደ ወታደር ሰልፍ ከደረቀ አኳኋንና ከቍጣ ትእዛዝ ይልቅ የለሰለሰና የተፈጥሮ የሆነ አመራር እንዲመረጥም ያዝዛል። ሆለታ በ1927 ዓ.ም. የጦር ትምህርት ቤት የተከፈተባት ከተማ ናትና የሰልፍ ትእዛዝ በምዕራብ ሸዋ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ለወታደር ያማረ ድምፅ ግን ለቡችላ አይሆንም። በሜዳው ውስጥ ውሻውን የመታ ወይም በጭካኔ የያዘ ሰው ምንም ነጥብ ቢኖረው ይሰናበታል። ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ቀብሮ፥ ዐይኑን ከባለቤቱ እጅ ሳይነቅል የሚታዘዝ ውሻ፥ ትእዛዙን ሁሉ ቢፈጽምም ደንቡ የሚሻውን ደስታ አላሳየም። ቤተ ክርስቲያን እንደ ገባች ውሻ የተሸማቀቀ ፍጡር በቤታችን ደጅ ሲታይ፥ እኛ ግን ብዙ ጊዜ «ምንኛ ጨዋ ነው» ብለን እናመሰግነዋለን።

ትእዛዙ በየትኛው ቋንቋ ይሁን የሚል ጥያቄ የለም። «ቁጭ በል» ቢባልም፥ በኦሮምኛ «ታኢ» ቢባልም፥ ውሻው የለመደውን ይሰማል። የሚያስቸግረው የቤተሰቡ አለመስማማት ነው። አባት «ቁጭ» ይላል፤ እናት «ታኢ» ትላለች፤ በከተማ የተማረው ልጅ ከፊልም የሰማውን እንግሊዝኛ ይጨምርበታል፤ ዘበኛው ደግሞ በፉጨት ያዝዛል። ውሻው ከአራቱ ማንን ይስማ? ስለዚህ ውሻ ሊያስተምር የተነሣ ቤተሰብ አስቀድሞ ራሱ ተሰብስቦ ስለ ቃላቱ ይስማማ። ለ«ቁጭ» አንድ፥ ለ«ቆይ» አንድ፥ ለ«ና» አንድ ቃል፤ ለጀማሪ ሦስት ቃል ይበቃል።

ትምህርቱ አጭር ይሁን፤ በአንድ ጊዜ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ፥ በቀን ሁለት ጊዜ ቢሆን መልካም ነው። ቡችላ ከሆነ ወደ ቤት በመጣበት ሳምንት ሊጀመር ይችላል። ውሻው የታዘዘውን እንዳደረገ ወዲያው ቁራሽ ነገር ይሰጠው፤ ጥቂት ከዘገየ ስለ ምን እንደ ተሸለመ አይገባውም። በጾም ወራት ሥጋ በቤት ባይኖር ቁራሽ ዳቦ ይሆናል። ቀን በቀን እየተፈራረቁ የቤቱ ሰዎች ሁሉ ያስተምሩት፤ ልጆች ግን ያለ ዐዋቂ ብቻቸውን አያስተምሩት። ከዚያም ውሻው የሚያውቀው ጎረቤት መጥቶ አጠገቡ ይቁም፤ በሌላ ቀን ጀርባውን ይንካ፤ ከብዙ ቀን በኋላ ራሱን ይንካ። ይህ እንግዲህ ያ ሦስተኛው ፈተና ነው። ለዓመታት በሰንሰለት የኖረና ሰው የነከሰ ውሻ ግን በዚህ መንገድ በቤት ሰው አይሞከር፤ አስቀድሞ የእንስሳት ሐኪም ይየው።

ውሻ ወደ ቤት ውስጥ መግባቱን፥ ዕቃም መንካቱን የማይወዱ ብዙ ቤተሰቦች አሉ፤ ሃይማኖታቸውም ልማዳቸውም እንዲህ ያዝዛቸዋል። ከላይ የተነገረው ሁሉ ይህን ልማድ አይነካም። ትምህርቱ የሚደረገው በግቢ ነው፤ አምስቱም ፈተናዎች የሚፈጸሙት በሜዳ ላይ ነው።

ለጀማሪ የሚያስፈልገው መሣሪያም ውድ አይደለም። ለአንገቱ ሰፋ ያለ ማሰሪያ፥ ሁለት ጣት የሚያስገባ ያህል ላላ ተደርጎ ይታሰርለት። ገመዱ ሁለት ሜትር ቢሆን ይበቃል፤ ለከብት ማሰሪያ በገበያ የሚሸጠው፥ ቀጠን ያለው ከተመረጠ፥ ለዚሁ ይሆናል። ሰንሰለት ግን ለትምህርቱ አይስማማም፤ ክብደቱ የውሻውን አንገት ወደ ታች ስለሚስብ፥ የያዘው እጅ ሲላላና ሲወጠር ለይቶ ሊያውቅ አይችልም።